መንገዱን የምንጠርገው ለማን ነው?



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትእዛዝ አለ። እግዚአብሔር ሕዝቡ ርስቱን በወረሰ ጊዜ የመማፀኛ ከተሞችን እንዲለይ ያዝዘዋል። ከተሞቹ፣ ሳያስበውና ሳይጠላው ባልንጀራውን የገደለ ሰው ከደም ተበቃዩ ሸሽቶ ነፍሱን የሚያተርፍባቸው ናቸው። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነገር ግን ሕጉ ከተማውን በመለየት ብቻ አላበቃም፤ በቁጥር 3 ላይ ወደዚያ የሚወስደውም መንገድ እንዲሰናዳ ያዝዛል። ከተማው ቢኖር፣ በሩም ቢከፈት፣ መንገዱ በእሾህ የተዘጋ ወይም በጎርፍ የተቈረጠ ከሆነ ሸሺው ከመድረሱ በፊት ይያዛል፤ ምሕረቱም በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ብቻ ይቀራል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ደግሞ የከተሞቹ ቍጥር ስድስት እንደሆነና ለእስራኤል ልጅ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ለሚኖረው መጻተኛም እንደተሰጡ እናነባለን። የአይሁድ ሊቃውንት ትውፊትም በየመንታ መንገዱ «መማፀኛ» የሚል ምልክት ይቆም እንደነበር ይጨምራል፤ ነፍሱን ይዞ የሚሮጥ ሰው ቆሞ አቅጣጫ ለመጠየቅ ጊዜ የለውምና።

የዛሬው ቃላችን ስለ እግር መንገድ ነው። ከመተማና ከቋራ፣ ከገንዳ ውኃና ከምዕራብ አርማጭሆ መንደሮች ወደ ውኃ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጸሎት ቤት ስለሚወስደው፣ በካርታ ላይ ስለማይገኘው ቀጭን መንገድ እንናገራለን፤ ክረምቱ ሲወጣ ማንም ሳያዝዛቸው ማጭድና ገጀራ ይዘው ስለሚጠርጉት ሰዎችም እንናገራለን። «ይህ የቀበሌ ጉዳይ እንጂ የስብከት ርእስ ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ያንን የዘዳግም ምዕራፍ ተመልሶ እንዲያነብ በትሕትና እንጠይቀዋለን።

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ የተመላለሰባቸው መንገዶችም ጠጋኝ ነበራቸው። የአይሁድ ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽና፣ ሰቃሊም በተባለው ክፍሉ መጀመሪያ ላይ፣ አዳር በሚባለው ወር በ15ኛው ቀን መንገዶችና አደባባዮች እንደሚጠገኑ፣ ሌላውም የሕዝብ ጉዳይ ሁሉ እንደሚፈጸም፣ መቃብሮችም መንገደኛ ሳያውቅ እንዳይረግጣቸው ምልክት እንደሚደረግባቸው ይናገራል። አዳር በእኛ አቈጣጠር በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ የሚውል ወር ነው። በዚያ አገር ያን ጊዜ የዝናሙ ወራት እያበቃ ነው፤ ጎርፉ መንገዱን ቦርቡሮታል፤ ለፋሲካ ደግሞ የቀረው አንድ ወር ብቻ ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 ቅዱስ ዮሴፍና እመቤታችን በየዓመቱ ለፋሲካ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ እንደነበር፣ ጌታም የ12 ዓመት ልጅ ሳለ አብሯቸው እንደወጣ ይነግረናል። እንግዲህ ከገሊላ እስከ ኢየሩሳሌም ባለው በዚያ ረጅም መንገድ ላይ፣ ከአንድ ወር በፊት ዶማውን ይዞ ጉድጓድ የደፈነ፣ ድንጋይ ያነሣ ሰው ይኖር እንደነበር ማሰብ ተገቢ ነው። ስሙ አልተጻፈም። ድንጋዩን ያነሣው ከማን እግር ሥር እንደሆነም አላወቀም።

መተማን የሚያውቅ የአገሩን ጠባይ ያውቃል። ከጎንደር በአዘዞ፣ በጭልጋ አይከል በኩል ሲወረድ ደጋው እያለቀ፣ ሙቀቱ እየከበደ፣ የዕጣን ዛፍና የሽመል ጫካ እየታየ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ሜዳው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ጥቁሩ አፈርም ተሰነጣጥቆ የእግር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ክረምት ሲገባ ያው አፈር ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስቀራል። ብስክሌት ያለው ሰው ብስክሌቱ እርሱን መሸከሙን ትቶ እርሱ ብስክሌቱን ይሸከማል። ሽንፋ ይሞላል፤ ጓንግም ይሞላል፤ ወደ ሱዳን ወርዶ አትባራ ተብሎ ከዓባይ የሚቀላቀለው ይኸው ጓንግ ነው። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። መስከረም ሲጠባ ሰኔ ላይ መንገድ የነበረው ስፍራ በዓይን አይለይም፤ የሚያውቀው እግር ብቻ ነው፤ እግርም በእባብ ላይ እንዳያርፍ ይፈራል።

የሚያስጨንቀው ደግሞ መንገዱ በሚጠፋበት በዚያው ወራት መንገደኛው የሚበዛ መሆኑ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ አለበትና ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ በቆላው አጠራር ሳሉግ የሚባለው ነው። አገሩን አያውቅም፤ ወባውን ሰውነቱ አልለመደውም፤ ካላ አዛር የሚባለውንም በሽታ ብዙ ጊዜ ስሙን የሚሰማው ከታመመ በኋላ ነው። ወባ የሚበረታው ዝናሙ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያን ጊዜ ሕመምተኛ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ተሸካሚዎቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ለቃሬዛ መንገድ አይደለም። ግራና ቀኝ ያለው የግራር እሾህ የተሸካሚዎቹን ክንድ ይቧጭራል፤ ይሰናከላሉ፤ ሕመምተኛውም ይወድቃል። የመንገድን ስፋት የሚወስነው መሐንዲስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በገጠር የሚወስነው ቃሬዛው ነው።

አገራችን በኅብረት መሥራትን ከማንም አልተማረችም። ወንፈል አለን፤ ዛሬ እኔ ለአንተ ባጭድ ነገ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ። ደቦ አለን፤ ባለ እርሻው ጎረቤቱን ይጠራል፣ ሚስቱ ጠላውን ትጠምቃለች፣ እንጀራውን ትጋግራለች፣ ሥራውም በዘፈንና በሆታ ያልቃል። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ አቅመ ደካማው ሽማግሌ፣ ባልዋ የሞተባት እናት ማሳቸውን እንዴት ባነሡት ነበር? ነገር ግን ልብ ብለን ብናያቸው ወንፈል ብድር አለው፤ ደቦም ጠሪ አለው። መንገድ ግን ጠሪ የለውም። የአቶ እገሌ ማሳ አይደለምና አቶ እገሌ ጠላ አይጠምቅለትም፤ የወይዘሮ እገሊት ጓሮ አይደለምና እርስዋም ብድሩን አትመልስም። ስለዚህም ማሳው በደቦ ታርሞ፣ ቤቱ በደቦ ተሠርቶ፣ በማሳውና በቤቱ መካከል ያለው መንገድ እሾህ ለብሶ የሚቀርባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14፣ ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድሩን ሊመልሱለት የማይችሉትን እንዲጠራ አስተምሯል። መንገድ የሚጠርግ ሰው ከዚያም አልፎ ሄዷል፤ የእርሱ ተጋባዥ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ በክልላችን ገበሬው በጥርና በየካቲት ወራት በተፋሰስ ልማት ሥራ ያለ ክፍያ ወጥቶ እርከን ሲሠራና ጎርፍ ሲገታ ኖሯል፤ ብዙ የተራቈተ ተረተር በዚህ ሥራ አገግሟል። ይህን የሚያቃልል ቃል ከእኛ አይወጣም። ሆኖም ስም ተጠርቶ ቀሪው የሚቀጣበት ሥራና ማንም ሳይጠራው የሚነሣ ሰው ሥራ አንድ አይደሉም። ቅዱስ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ስለ መስጠት ሲጽፍ በኀዘንና በግድ የሚሰጠውን ከደስተኛው ሰጪ ለይቶታል። ይህን የምንለው በተለይ ለቁምስና ኃላፊዎችና ለካቴኪስቶች ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ ላይ ያልመጡትን ቤተሰቦች ስም የሚያነብ ሰው መንገዱን ያስጠርግ ይሆናል፤ የምሕረቱን ሥራ ግን አብሮ ጠርጎ ጥሎታል። በዚህ ላይ ኃይለ ቃል ተናግረን እንደሆነ አንባቢ ይታገሠን፤ ነገሩ ልማድ እየሆነ መጥቶ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተስፋፋው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚለው ቃል ራሱ ፍርሃት ተሸክሟል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንኳ መንገደኛ እንደታገተ፣ ለመልቀቂያው ገንዘብ እንደተጠየቀ፣ ሾፌርም ሕይወቱን እንዳጣ ያልሰማ የለም። እንግዲህ ካቴኪስቱ ተነሥቶ «መንገድ እንጥረግ» ቢል፣ «ለማን? ለሚያግተን ሰው ነውን?» የሚል መልስ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባውም። እንዲህ የሚመልሰውን ሰውም ፈሪ ወይም እምነተ ጎደሎ ብሎ መገሠጽ ትክክል አይደለም። ልጁን በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልኮ እስከ ማታ አንጀቱ የሚላወስ አባት ነው። ጥያቄውም እውነተኛ ነው፤ መንገድ መራጭ አይደለምና፣ ለሚያልፈው ሁሉ ያልፋል።

የመተማ መንገድ ደግሞ ይህን ከሌሎች መንገዶች ሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ ሱዳን የሚወርደው የቆየው የነጋዴ መንገድ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቡና፣ ሰምና ጥጥ ያልፍበት ነበር፤ በዚያው መንገድ ላይ በገመድ የተያያዙ ባሮችም ተነድተዋል፤ መተማም የታወቀች የባሪያ ገበያ ነበረች። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማይቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ሠራዊቱም፣ ነጋዴውም፣ ባሪያውም፣ መነኵሴውም አንድ መንገድ ረግጠዋል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የሰማዩ አባታችን ፀሐዩን ለክፉዎችም ለደጎችም እንደሚያወጣ፣ ዝናሙንም ለጻድቃንና ለኃጥኣን እንደሚያዘንብ ሲያስተምር፣ እኛ የምናደርገው መልካም ነገር ሁሉ በክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ አጥር እንድናበጅለት አልጠየቀንም። የምንጭ ውኃ የሚያጎለብት ሰው ከዚያ ውኃ ሌባ እንዳይጠጣ ማድረግ አይችልም፤ እንዲህም ሆኖ ምንጩን ከማጎልበት አይቈጠብም።

ሌላም ነገር አለ። ከሰው ቁመት በላይ ያደገው ሣር ለማን ይመቻል? ለእናትየዋ ነው ወይስ አድፍጦ ለሚጠብቃት? ሰው የማይመላለስበት፣ ግራና ቀኙ የማይታይበት መንገድ ለወንበዴ የተሠራ ያህል ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ይወርድ የነበረውን ያን ሰው እናስታውስ፤ ወንበዴዎች ደብድበው በሕይወትና በሞት መካከል ጥለውት ሄዱ። ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 10 እንደሚነግረን ካህኑ አየው፣ ሌዋዊው አየው፣ ሳምራዊውም አየው። ሦስቱም አይተውታል፤ ልዩነታቸው ካዩት በኋላ ባደረጉት ነው። ነገር ግን ያ ሰው ሣር ውስጥ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሳምራዊው እንኳ ሳያየው ባለፈ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው መልእክታቸው አንዱን ምዕራፍ በሙሉ ለዚህ በመንገድ ለወደቀው ሰው ሰጥተዋል። እኛም በበኩላችን ሣሩን ስናጭድ የወደቀውን ሰው የሚታይ እናደርገዋለን።

ይህ ሁሉ ግን ጥንቃቄን አያስቀርም። ሰላም በሌለበት ቀበሌ፣ የአገር ሽማግሌዎች «ዘንድሮ ይቅር» ካሉ ይቅር። በዚህ የሚያፍር አይኑር፤ እግዚአብሔር ማንንም ልጁን እንዲያሳግት አላዘዘውም።

በዚህ ወሰን ላይ መንገድ ማለት መማፀኛ ማለት የሆነበት ጊዜ ተደጋግሟል። በደርግ ዘመነ መንግሥት ብዙ የጎንደር ልጆች እስርንና ግድያን ሸሽተው በእነዚህ ቆላዎች በኩል በሌሊት ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቁና ጦርነቱ በበረቱበት ወቅት ደግሞ ከጎንደር መንደሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ሕፃናትን አዝለው፣ ሽማግሌዎችን ደግፈው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚገመቱ ይነገራል። በጥም የሞተ አለ፤ መንገድ ስቶ የሞተ አለ፤ ወንበዴ የገደለው አለ። ያን ጊዜ መማፀኛው በምዕራብ፣ በሱዳን በኩል ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ነገሩም ተገለበጠ። ሱዳናውያን፣ በዚያ ለብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ የሌሎች አገሮችም ሰዎች ከገላባት ወደ መተማ ተሻገሩ። ከእነርሱ መካከል እስከ ትላንት ሐኪም፣ መምህር፣ ባለ ሱቅ የነበሩ ነበሩ፤ መተማ ሲደርሱ ግን ሁሉም መንገደኛ ብቻ ሆኑ። በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተከፈተላቸው፤ በዚያም ሳሉ ኮሌራ ደረሰባቸው፤ ዘረፋና ጥቃትም ደረሰባቸው፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ ደኅንነት አጥተው ጓዛቸውን ተሸክመው ከአውላላ ወጡ፤ በጎዳናው ዳር ባለው ጫካ ውስጥም ሰፍረው ከረሙ። መማፀኛ ከተማ ብለው የመጡባት ምድር ለመማፀኛነት አልበቃችም ነበርና፣ ይህ እኛን የሚያሳፍር ነገር ነው፤ አሳፋሪ መሆኑንም በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ከመጻፍ ወደ ኋላ አንልም። በ1977 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው የጎንደር ወጣት በሌሊት ወደ ምዕራብ ሸሽቶ፣ በአንዲት የሱዳን መንደር አንዲት ሴት ውኃ አጠጥታው ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. ያ ወጣት የ58 ዓመት ሰው ሆኗል፤ በመተማ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ከሚያያቸው ስደተኞች መካከል የዚያች ሴት የልጅ ልጅ ብትኖርበት ምን ያስደንቃል? እርሱ አያውቃትም፤ እርስዋም አታውቀውም። የዘዳግም ሕግ መንገዱ አስቀድሞ እንዲሰናዳ ያዘዘው ስለዚህ ነው፤ ማን በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሸሽ ማንም አስቀድሞ ስለማያውቅ ነው።

መንገድን ማፍረስ ቀላል፣ መጠገን ግን ረጅም መሆኑን ለማየት ከዚህ ወደ ዓባይ እንለፍ። በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰዉ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ እንዲፈርስ ተደረገ። ጠላት ሄደ፤ ድልድዩ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሰባራ ሆኖ ቀረ። ለመሻገር የፈለገ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ ያሉ ሰዎች እየሳቡት በገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። በ2002 እ.ኤ.አ. ይህንን በፎቶግራፍ ያዩ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞችና የአካባቢው ገበሬዎች ዕቃውን በበቅሎና በትከሻ አጓጕዘው ጠገኑት። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ዓባይ ሞልቶ ጥገናውን ወሰደው። ሰዎቹ ተመለሱና በ2009 እ.ኤ.አ. ከውኃው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ዘረጉ። የተጠረገ መንገድ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ሣር እንደሚለብስ አይቶ ተስፋ የሚቈርጥ ወጣት ካላችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት። ለአንድ ጊዜ መጥረግ ብዙ ሰው ይመጣል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚመጣው ነው ቍም ነገረኛው።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ሥራ ቅዱስ አላጣችም። በስፓኝ አገር ዶሚኒኮስ ዘካልሳዳ የሚባል ሰው ነበር፤ የሰባክያንን ማኅበር የመሠረተው ዶሚኒኮስ አይደለም፣ ከእርሱ የቀደመ ነው። መነኵሴ ለመሆን ሁለት ገዳማት ጠየቀ፤ ሁለቱም አልተቀበሉትም። በጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። በዚያ ጫካ በኩል ወደ ቅዱስ ያዕቆብ ዘኮምፖስቴላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ያልፉ ነበር፤ መንገድ ይጠፋባቸዋል፣ ወንዝ ይወስዳቸዋል፣ ወንበዴ ይዘርፋቸዋል። እርሱም ጫካውን መነጠረ፣ መንገድ አነጠፈ፣ በኦኻ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፣ የእንግዳ ማረፊያም አቆመ። ትውፊት ዛፉን በማጭድ እንደ ቈረጠ ይናገራል። በ1109 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ካልሳዳ ማለት የተነጠፈ መንገድ ማለት ነው፤ ገዳም ያልተቀበለው ሰው ስሙን ከመንገዱ አገኘ።

የእኛም አባቶች የመንገድ ሰዎች ነበሩ። አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ እያሉ የሚጠሯቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1854 እ.ኤ.አ. በጎንደር ለወራት ታስረው፣ ከዚያም በምዕራብ በኩል ወደ ሱዳን ወሰን እንዲባረሩ ተደረገ፤ የቆላውን ሙቀትና ንዳድ የሚያውቁ ናቸው። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው ከዘማች ሠራዊት ኋላ ሲጎተቱ በ1855 እ.ኤ.አ. በመንገድ ላይ ሞቱ። አቡነ ያዕቆብም ሐምሌ 31 ቀን 1860 እ.ኤ.አ. ከምጽዋ ጠረፍ ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጡ ሕመሙ ጸናባቸው፤ በአሊጋዴ ሸለቆ በመንገድ ዳር ከመሬት ላይ ተኝተው፣ ልጆቻቸው ከብበዋቸው ዐረፉ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ለሚሞት ልጅዋ የምትሰጠውን የመጨረሻ ቅዱስ ቁርባን «የመንገድ ስንቅ» ብላ መሰየሟ ካህናቷ ይህን ሁሉ አውቀው ይመስለናል። ዛሬም ያንን ስንቅ ይዞ ወደ ሕመምተኛ የሚሄድ ካህን፣ ወይም በሳምንት አንድ ቀን በብስክሌት ወደ ራቀ መንደር የሚሄድ ካቴኪስት፣ የሚሄደው ሌላ ሰው በጠረገው መንገድ ነው።

ሥራውን ለመጀመር ለሚፈልጉ ጥቂት ነገር እንጨምር። ጊዜው ከመስቀል በኋላ፣ ሰሊጡ የሰውን እጅ ሁሉ ሳይወስድ ነው። ቀኑን ብቻችሁን አትቍረጡ፤ እኛ በዚህ አገር በቍጥር ጥቂቶች ነን፣ መንገዱ ግን የሁሉም ነው። ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን የሚያከብሩት በዓል እንዳይሆን፣ ለሙስሊሞች ጎረቤቶቻችንም የዓርብ ስግደት እንዳይነካ ተማክራችሁ ወስኑ። በበዓል ቀን እርሻ ባይታረስም መንገድ መጥረግ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለእነርሱ ካህናትና ሽማግሌዎች እንተወው፤ አንዳንዱ ሽማግሌ የሚሰጠው መልስ ያስደስታችሁ ይሆናል። የጉሙዝና የቅማንት መንደር አጠገባችሁ ካለ፣ በመካከላችሁ ያለውን መንገድ ሁለታችሁም ከየወገናችሁ ጀምራችሁ መካከሉ ላይ ተገናኙ። ምናልባት በዚያ ቀን ከመንገዱ ይበልጥ የሚጠቅመው ያ መገናኘት ይሆናል።

ስፋቱ የቃሬዛ ስፋት ይሁን። የቈረጣችሁትን እሾህ ከመንገዱ አርቃችሁ ጣሉ፤ በዳር ከተተወ ነፋስና ከብት ይመልሰዋል፣ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ይወጋል፣ የብስክሌት ጎማም ይበሳል። ውኃ መንገዱን ተከትሎ እንዳይወርድ በየቦታው አግድም ትንሽ ቦይ ቅደዱለት፤ ይህ ካልተደረገ የተጠረገው ሁሉ በአንድ ዶፍ ይቦረቦራል። በጭቃማው ስፍራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩ። በእሳት ከቶ አትጥረጉ፤ እሳቱ መንገዱ ላይ አይቆምም፣ የዕጣኑን ችግኝ ይበላዋል። የተሠራበትን ቀንና የሠራውን ማኅበር ስም የሚናገር ሰሌዳም አትትከሉ። ካቴኪስቶች በዚያ ሳምንት ለልጆች የሚያስተምሩት ትምህርት ካላገኙ፣ ልጆቹን ይዘው መንገዱን ይሂዱበትና እያንዳንዱ ልጅ በዚያ የሚያልፍ አንድ ሰው እንዲጠቅስ ያድርጉ፤ ከዚያም ስለዚያ ሰው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ።

ማጭድ የሌለው ከወዲሁ ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ በመስከረም መጨረሻ የሚዋሱት ማጭድ አይገኝም።